አማትዎ እውነታቸውን ነው፤ ጊዜው ግን ገና ነው

ጥያቄ፦ «ከአምስት ቀን በፊት አንድ ወር ከአሥር ቀን ገደማ የሆናት የድመት ልጅ ከእኅቴ ግቢ ለልጆቼ አመጣሁ። እናቷን መኪና ገጭቷት ስለሞተች ከሁለቱ ግልገሎች አንዷን እኔ ወሰድኩ፤ ወንድሟ እዚያው እኅቴ ዘንድ ቀርቷል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቀን ቀን ሶፋ ሥር ተደብቃ ትተኛለች፤ ሌሊት ግን ቤቱን በጩኸት ታናውጠዋለች። የመጀመሪያውን ሌሊት አዝኜላት አልጋዬ ላይ አወጣኋት። በሁለተኛው ባለቤቴ ወጥ ቤት አስገብቶ በሩን ዘጋባት። ከሦስተኛው ሌሊት ወዲህ ደግሞ 9 ሰዓት ላይ ስትጮህ ተነሥቼ ወተት እሰጣታለሁ፤ ጠጥታ ጥቂት ዝም ትልና እንደገና ትጀምራለች። አማቴ ‹ዝም ብለሽ ተያት፤ አልቅሳ አልቅሳ ይወጣላታል› ይሉኛል። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ሁለት ጊዜ በር አንኳኩተዋል። ምን ላድርግ?»

እንቅልፍ ያጣሁ እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

አማትዎ የተናገሩት ስሕተት አይደለም፤ የቸኮለ ምክር ነው እንጂ። የድመት ልጅ ሌሊት የምትጮኸው ሁልጊዜ በአንድ ምክንያት አይደለም። አሁን በአምስተኛው ቀን የሚሰሙት እናቱን ያጣ ሕፃን ጥሪ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚሰሙት ግን፣ እርስዎ ሳያውቁት ካስተማሯት፣ ቤተሰቡን ቀስቅሶ ወተት የማስቀዳት ብልሃት ይሆናል። ሁለቱ ጩኸቶች ለጆሮ አንድ ዓይነት ቢሆኑም የሚሰጣቸው መልስ ፍጹም የተለያየ ነው። የመጀመሪያውን እንዳልሰሙ ማለፍ ጭካኔ ነው፤ ለሁለተኛው መነሣት ደግሞ ለዓመታት የማይከፈል የእንቅልፍ ዕዳ ውስጥ መግባት ነው። የእናንተ ቤት ችግር የሁለቱን መልስ በአንድ ሳምንት ውስጥ መቀላቀላችሁ ነው፤ አንድ ሌሊት አልጋ፣ አንድ ሌሊት የተዘጋ በር፣ ከዚያ ወዲያ ወተት።

እስቲ ነገሩን ከግልገሏ በኩል እንመልከተው። ከተወለደች ጀምሮ እናንተ ቤት እስከመጣችበት ቀን ድረስ አንድም ሌሊት ብቻዋን አድራ አታውቅም። በአንድ ጎኗ የእናቷ ሆድ፣ በሌላው የወንድሟ ጀርባ ነበረ፤ የምታውቀው ሽታም፣ ሙቀትም፣ ስትነቃ የምትሰማው ትንፋሽም የእነርሱ ነበር። የድመት ልጅ ከተኛችበት ተንሸራትታ ስትርቅ ወይም ሲበርዳት ትጮኻለች፤ እናቷም ድምፁን ተከትላ መጥታ ማጅራቷን በጥርሷ ይዛ ወደ ቦታዋ ትመልሳታለች። ስለዚህ ጩኸቷ መጥፎ ዐመል አይደለም፤ በዚህ ዕድሜዋ ለችግር ጊዜ ያላት መሣሪያ ይኸው ብቻ ነው። ወጥ ቤት ተዘግቶባት ያደረችው ሌሊት ላይ በመጨረሻ ዝም ብላ ከሆነ እንኳ፣ ደክሟት እንጂ ተጽናንታ አይመስለኝም።

እርስዎ ምርጫ አልነበረዎትም። ምርጫ ያላቸው አንባቢዎች ግን የድመትን ልጅ ስምንት ሳምንት ሳይሞላት፣ ቢቻል ደግሞ አሥራ ሁለት ሳምንት ሳትደርስ ከእናቷ ባይለዩ መልካም ነው፤ ንክሻዋን መመጠንና ጥፍሯን መሰብሰብ የምትማረው በእነዚያ ሳምንታት ከእናቷና ከእኅት ወንድሞቿ ጋር ስትጫወት ነውና። ለእርስዎም አንድ ነገር በጆሮዎ ልበልዎ፦ ወንድሟ አሁንም እኅትዎ ዘንድ ካለ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማሳደግ እኔ ከማውቀው ዘዴ ሁሉ በላይ የሌሊቱን ጩኸት ያሳጥረዋል። ተቃቅፈው ይተኛሉ፤ ሌሊት ሲነቁም የሚያጫውታቸው ሰው አይፈልጉም። ድመት ግን «ወንድሜ ነው» ስለማትል፣ ሴቷም ከአራት ወሯ ጀምሮ ልትፀንስ ስለምትችል፣ ከዚያ በፊት የማምከኑን ጉዳይ ከእንስሳት ሐኪም ጋር መነጋገር ግድ ይሆናል። ባለቤትዎ ይህን አንቀጽ ባያነቡት ይሻላል።

አሁን ወደ ማደሪያዋ እንምጣ። ለመጀመሪያዎቹ ሰባት ወይም አሥር ሌሊቶች ግልገሏ እርስዎ በሚተኙበት ክፍል ትደር፤ አልጋው ላይ ግን አይደለም። በዚህ ዕድሜ ያለች የድመት ልጅ ክብደቷ ከግማሽ ኪሎ ብዙም አይበልጥም፤ እንቅልፍ የያዘው ሰው አንድ ጊዜ ቢገላበጥባት ትጨፈለቃለች፤ ከአልጋው ብትወድቅም በጨለማ መመለሻዋን አታገኘውም። ከልጆችዎ ጋር ማስተኛት በዚሁ ምክንያት አይሆንም። በረንዳው ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ የሦስተኛ ፎቅ የበረንዳ ብረትም ለእንዲህ ያለች ቀጭን ፍጡር በር ማለት ነው። ቤቱን በሙሉ መልቀቅም ደግነት አይሆንላትም። ሶፋ ሥር መደበቋ ቤቱ ሰፍቶባት ነው፤ አንድ ክፍል ተሰጥቷት እርሱን አሽትታ ከጨረሰች በኋላ ነው ሌላው ሊከፈትላት የሚገባው። በዚያ ክፍል ውስጥ ምግቧና ውኃዋ በአንድ ጥግ፣ መጸዳጃዋ በሌላው ጥግ ይሁኑ፤ ድመት ከምትበላበት አጠገብ መጸዳዳት አትወድም። ለመጸዳጃ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ የተደረገበት ዝቅ ያለ ሳፋ ይበቃል፤ ከፍ ያለ ከሆነ ትንንሽ እግሮቿ አያስገቧትም።

ለመኝታዋ አንድ መካከለኛ ካርቶን በጎኑ አጋድመው፣ አፉን በከፊል ሸፍነው፣ አልጋዎ ላይ ሆነው እጅዎን ዘርግተው በሚደርሱበት ቦታ ያስቀምጡላት። አዲስና የታጠበ ነገር አያንጥፉላት። ከዓመታት በፊት በዚሁ ዕድሜ እኔ ቤት የመጣች ግራጫ ግልገል ነበረች፤ ስፖንጅ ቆርጬ፣ አዲስ ፎጣ አልብሼ ያዘጋጀሁላትን መኝታ ዞር ብላም አላየችው። በሦስተኛው ሌሊት ተስፋ ቆርጬ ሳምንቱን ስደርበው የሰነበትኩትን አሮጌ ጋቢ ካርቶኑ ውስጥ ጣል አደረግሁት። ጥቂት አሸተተችው፤ ከዚያ ሁለቱን የፊት እግሮቿን እያፈራረቀች እንደ ሊጥ ታሸው ጀመር። ጣቶቿ ሲከፈቱ ጥፍሮቿ ከጥጡ ውስጥ ትር ትር እያሉ ሲነቀሉ ይሰማኝ ነበር። ቀጥላም የጋቢውን ጠርዝ አፏ ውስጥ አስገብታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በሳበች ቁጥር ጆሮዋ ወደፊት ወደኋላ እያለ ትጠባው ጀመረች፤ ደረቷም እንደ ሩቅ ወፍጮ ያጓራ ነበር። የእናቷ ሆድ ላይ ወተቱ እንዲወርድላት የምታደርገው ይህንኑ ነው። ጠዋት ስነሣ የጋቢው ጠርዝ እንደረጠበ፣ እርሷም እላዩ ላይ እንደተኛች ነበረች። ከጡት ቀድመው የተለዩ ግልገሎች ይህ ይበረታባቸዋል፤ አይከልክሏት፤ የነጠላና የጋቢ ዘርፍ ያለበትን ጨርቅ ግን አይስጧት፤ የተዋጠ ክር አንጀት ውስጥ ተጠምጥሞ ይገድላል። ከእኅትዎ ግቢም ከእናቷና ከወንድሟ ጋር ይተኙበት የነበረ ጨርቅ ካለ፣ ቢቆሽሽም ሳይታጠብ አስመጥተው እርስዎ ለብሰውት ከሰነበቱት ጨርቅ ጋር አብረው ያንጥፉላት። አሮጌው ሽታ ከአዲሱ ጋር የሚተዋወቀው እንዲህ ነው።

ከሽታው ቀጥሎ ሙቀት ነው። አንድ የሃይላንድ ፕላስቲክ ትኩስ፣ ግን ያልፈላ ውኃ ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ ወፍራም ካልሲ ውስጥ አስገብተው በካርቶኑ አንድ ጎን ያስቀምጡላት። በአንድ ጎን ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ሲሞቃት የምትሸሽበት ሌላ ጎን ያስፈልጋታል። አንዳንድ ሰዎች ቀጭ ቀጭ የሚል ሰዓት በጨርቅ ጠቅልለው የእናት ልብ ትርታ እንዲመስላት ያስቀምጣሉ። ጉዳት የለውም፤ እኔ ግን ከሰዓቱ ይልቅ ሽታውንና ሙቀቱን አምናለሁ።

ስለ ወተቱ ግን በግልጽ ልናገር። የድመት ልጅ ጡት እየተወች በሄደች ቁጥር የወተትን ስኳር የመፍጨት ችሎታዋ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የላም ወተት ደግሞ ድሮውንም ለእርሷ ሆድ የተሠራ አይደለም። 9 ሰዓት ላይ የሚሰጧት ወተት ለጊዜው ያረካታል፤ ቆይቶ ሆዷን ነፍቶ፣ ምናልባትም አስቀምጧት፣ መልሶ ያስጮኻታል። ይባስ ብሎም ጩኸት ወተት እንደሚያመጣ በሦስት ሌሊት ውስጥ አስተምሯታል። ከዛሬ ጀምሮ ወተቱን ይተዉት። የምትበላው ከገበታ የተረፈ እንጀራ በወጥ ከሆነ እርሱንም ያቁሙ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆኑ የተቁላሉ፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰብራሉ፤ ከሁለቱ የጸዳ ወጥ ደግሞ በእኛ ቤት የለም። ድመት ሥጋ በል እንስሳ ናት፤ ልብና ዓይኗ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ካላገኙ ይጎዳሉ፤ ታውሪን ያለው ደግሞ ሥጋ ውስጥ እንጂ እንጀራ ውስጥ አይደለም። አቅም ከፈቀደ ለግልገል ተብሎ የተዘጋጀውን ደረቅ ምግብ በለብ ባለ ውኃ አርሰው ይስጧት፤ እስኪገኝ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ፣ አጥንቱ የወጣለት የዶሮ ሥጋ ወይም በደንብ የበሰለ እንቁላል ለጥቂት ቀን ያደርሳታል። ሆዷ ትንሽ ስለሆነ በቀን አራት ወይም አምስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ትብላ። ለሌሊቱም ትንሽ ደረቅ ምግብና ውኃ ክፍሉ ውስጥ ይተዉላት፤ ቢርባት ራሷ ሄዳ ትብላ እንጂ የእርስዎ መነሣትና የምግብ መምጣት በእርሷ ዘንድ አንድ ነገር አይሁኑ።

በቁንጫ የተወረረች ወይም ሆዷ በወስፋት የተነፋ ግልገልም እንቅልፍ የላትም። ከግቢ የመጣች ስለሆነች ሁለቱም ሊኖሩባት ይችላሉ። ቁንጫውን በጥቅጥቅ ማበጠሪያ እያበጠሩ ያስወጡላት፤ የበረሮ ፍሊትም ሆነ ለውሻና ለከብት የተሠራ የቁንጫ መድኃኒት እንዳይነካት፤ ለውሻ ደኅና የሆነው ፐርሜትሪን የተባለ ፀረ ተባይ ድመትን ይገድላል። በዚህ ሳምንት ውስጥ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት፤ የወስፋት መድኃኒቱንም፣ የክትባቱንም ጊዜ ያወጡላታል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚሰጣት ሦስት ወር ገደማ ሲሞላት ስለሆነ፣ እስከዚያ ልጆችን ብትነክስ ወይም ብትቧጭር ቦታውን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ አጥበው ጤና ጣቢያ ያድርሷቸው። ምግብ እንቢ ካለች፣ ካስመለሳት፣ ተቅማጡ ካልቆመ ወይም ሰውነቷ ቀዝቅዞ ከተዝለፈለፈች ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። የዚህች ዓይነቷ ትንሽ አካል አንድ ቀን ሙሉ የመጾም አቅም የለውም።

አሁን ምሽቱን እናደራጀው። ድመት አድና፣ በልታ፣ ራሷን ልሳ ትተኛለች፤ ቅደም ተከተሉ በደሟ ውስጥ ያለ ነው፤ የእርስዎ ሥራ እርሱን ለእናንተ መኝታ ሰዓት ማመቻቸት ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ የጨርቅ ቁራጭ በክር አስረው መሬት ለመሬት እየጎተቱ፣ አንዳንዴም ከሶፋው ጀርባ እየሰወሩ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ያሯሯጧት፤ በመጨረሻም እንድትይዘው ይፍቀዱላት፤ ምንም ያልያዘች አዳኝ አትረካም። በጣት አያጫውቷት፤ ዛሬ ጣት የነከሰች ነገ ሌሊት ብርድ ልብሱ ሥር የሚንቀሳቀስ የእግር ጣት ታድናለች። ክሩን ከደረሰችበት ቦታ አንሥተው ያስቀምጡና ወዲያው 4 ሰዓት ላይ የቀኑን የመጨረሻ ምግቧን ይስጧት። በልታ እግሯን በምራቋ እያራሰች ፊቷን ማጠብ ስትጀምር መብራቱን ያጥፉ። ልጆቹ በዚያ ሰዓት «ደኅና እደሪ» ሊሏት ቢመጡ ሥራው ሁሉ ፈረሰ ማለት ስለሆነ ቀደም ብለው ይሰናበቷት።

ሌሊት ስትጮህ ምን ያደርጋሉ? በእነዚህ የመጀመሪያ ቀናት ይመልሱላት፤ ግን የእናት መልስ እንጂ የአስተናጋጅ አይሁን። መብራት አያብሩ። አያንሷት። ምግብ አይስጧት። መጀመሪያ ዝቅ ባለ ድምፅ ስሟን ይጥሩ፤ ካልበቃት እጅዎን ወደ ካርቶኑ አስገብተው ጎኗ ላይ ያሳርፉት፤ አያሻሿት፤ እጅዎ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ክብደቱና ሙቀቱ የወንድሟን ጀርባ ይተካላታል። እስትንፋሷ ሲረዝም ቀስ አድርገው እጅዎን ይሰብስቡ። በሌሊት ሦስት ጊዜ ቢደጋገምብዎ አይደንግጡ፤ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያም አንድ ጊዜ እየሆነ የሚሄድ ነው።

የአማትዎ ምክር ጊዜው የደረሰ መሆኑን የምትነግርዎ ግልገሏ ራሷ ናት። በደንብ ስትበላ፣ ሳፋዋን ሳትስት ስትጠቀም፣ ሶፋ ሥር መደበቋን ትታ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ እየሮጠች ስትቀበልዎ፣ ፍርሃቱ አልፏል፤ ከዚያ በኋላ ሌሊት የምትጮኸው ናፍቃ ሳይሆን አዝዛ ነው። ያን ጊዜ ካርቶኗን በየሁለት ቀኑ ጥቂት ጥቂት ወደ በሩ፣ ከዚያም ወደ ሳሎን ያርቁት፤ ሙቀቷና ምግቧ መሟላቱን ከመተኛትዎ በፊት ያረጋግጡ፤ ስትጮህም አይነሡ፣ አይናገሯት፣ አይቆጧትም። ቁጣም መልስ ነው፤ የጠራችው ሰው መጥቶላታልና። ሲተዋት መጀመሪያ ይብስባታል፤ ትናንት ይሠራ የነበረ ጩኸት ዛሬ ካልሠራ አጠንክራ ትሞክረዋለች። የሚሸነፉት እዚያ ላይ ከሆነ፣ ማለትም በሦስተኛው ሌሊት ተሰላችተው ከተነሡ፣ ያስተማሯት «ከቆየሽ ይከፈትልሻል» የሚለውን ነው። ስለዚህም ቤተሰቡ አስቀድሞ ይመካከር፤ ባልየው ሲከለክል ልጅ በድብቅ የሚከፍት ከሆነ ከሁሉም የከፋ ነው። አልጋ ላይ መተኛቷን ለወደፊቱ የሚፈልጉት ከሆነም ነውር የለበትም፤ አድጋ፣ ከወስፋትና ከቁንጫ ጸድታ ትውጣ። ድመት አሥራ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ልትኖር ስለምትችል ግን ዛሬ የሚወስኑት ለአንድ ሳምንት እንዳልሆነ ያስቡበት።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ስትሯሯጥ ይሰሟታል። ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ ይባል የለ፤ የቤት ድመት ዘሯ ዛሬም በአገራችን ቆላማ ቦታዎች ከሚገኘው የአፍሪካ የዱር ድመት ነው፤ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረች ከ9,000 ዓመት በላይ ቢሆናትም የአደን ሰዓቷ ዛሬም ንጋትና ምሽት ነው። ይህንን ማጥፋት አይቻልም፤ ማለዘብ ግን ይቻላል። ጠዋት እንደተነሡ ምግቧን አያቅርቡ፤ ፊትዎን ይታጠቡ፣ ልጆቹን ያልብሱ፣ ሻይ ይጣዱ፣ ከዚያ ይስጧት። የእርስዎ መነሣት ምግብ ማለት ካልሆነ እርስዎን ለማስነሣት የሚያደርሳት ጉዳይ ይቀንሳል። ቀን ቀንም አንድ ሁለት ጊዜ ቀስቅሰው ያጫውቷት፤ የድመት ልጅ በቀን እስከ 20 ሰዓት ልትተኛ ስለምትችል እንቅልፉን በሙሉ በብርሃን ከጨረሰችው ለሌሊት የሚተርፋት የለም።

የቀሩት ጎረቤትዎ ናቸው። ለሦስተኛ ጊዜ እስኪያንኳኩ አይጠብቁ፤ ዛሬ ማታ ወርደው ስለ እናቷ ሞት ይንገሯቸው፤ ካርቶኗን ከመኝታ ክፍልዎ የሚያወጡበትን ሳምንትም ቀደም ብለው ያሳውቋቸው፤ ሦስት ወይም አራት ከባድ ሌሊት እንደሚሆን ሳይደብቁ። የሚቻል ከሆነ ያንን ሳምንት ዓርብ ማታ ይጀምሩት።